ብርቅ ነው ያለው ማነው? ስለ ደም ሥር ካንሰር የሚወራውና እውነቱ

ኮልቾ ከኦሞ ወንዝ ጥምዝ በላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች የካራዎች መንደር ናት። ደቡብ ኦሞ የወረደ ቱሪስት አብዛኛውን ጊዜ ሳያያት አይመለስም። በቦረቅ የተዥጎረጎረ ደረት፣ በነጭና በቀይ አፈር የተነቆጠ ፊት፣ ተበጥቶ በረድፍ የተነሣ ጠባሳ ከዚያ ተነሥቶ በፖስትካርድና በመጽሔት ሽፋን ዓለምን ዞሯል። ብዙ ፎቶ የተነሣ ቆዳ ነው። ይኸው ቆዳ ላይ የማይድን ነቁጥ ቢወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከኮልቾ ቱርሚ፣ ከዚያ ዲመካ፣ ከዚያ ቀይ አፈር፣ ከዚያ ጂንካ፤ ከነቁጡ ቁራጭ ወስዶ በማይክሮስኮፕ አይቶ «ይህ እንትን ነው» የሚለው ፓቶሎጂስት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከዚያም አልፎ በትልልቆቹ ሆስፒታሎች ነው።

በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ወሬ ከሐኪም ይቀድማል። ስለ ደም ሥር ካንሰሮች ከሚነገረው አብዛኛው ስህተት ሲሆን፣ ጥቂቱ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነቱ ደግሞ ከስህተቱ የባሰ ያሳስታል። ከሁሉም በላይ የሚያስከፋኝ ግን «ብርቅ በሽታ ነው፣ እኛ አገር የለም» የሚለው ነው። ቁራጭ ያልተወሰደለት ነቁጥ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ በሽታ ደግሞ ሁልጊዜ ብርቅ ነው።

ይባላል፦ «የደም ሥር ካንሰር ያው የደም ካንሰር ነው።»

አይደለም። በተለምዶ የደም ካንሰር የምንለው ሉኪሚያ የሚነሣው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ከሚመረቱት የደም ሕዋሳት ነው። የደም ሥር ካንሰር ግን ደሙ የሚያልፍበትን ቧንቧ ከውስጥ በኩል ከሸፈኑት ስስ ሕዋሳት ይነሣል። ምርመራውም ሕክምናውም ለየቅል ነው። ከእነዚህ ካንሰሮች አንዱ አንጂዮሳርኮማ ይባላል፤ ፈጣንና ጨካኝ ነው። ሌላው ኤፒተሊዮይድ ሄማንጂዮኢንዶቴሊዮማ ነው፤ ከሚሊዮን ሰው አንዱን ቢያገኝ ነው፣ ጉበትና ሳንባ ላይ ለዓመታት ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። እነዚህ ሁለቱ የትም አገር ብርቅ ናቸው። ሦስተኛው ካፖሲ ሳርኮማ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ ብርቅ ማለት የማይቻለውም እሱ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ያለው አብዛኛው ቃል ስለ እሱ ነው።

ይባላል፦ «ጥቁር ቆዳን ካንሰር አይዘውም፤ የፈረንጅ በሽታ ነው።»

ግማሽ እውነት ያልኩት አንዱ ይህ ነው። ከፀሐይ ጋር የተያያዙት የቆዳ ካንሰሮች በጥቁር ቆዳ ላይ በእርግጥ ያነሱ ናቸው። ካፖሲ ሳርኮማ ግን ከፀሐይ ጋር ጉዳይ የለውም። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 34 ሺህ ያህል ሰዎች እንደያዛቸው ይገመታል፤ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ አፍሪካውያን ነበሩ። በዚያው ዓመት ከሞቱት 15 ሺህ ያህል ሰዎች ደግሞ ከመቶ 86ቱ አፍሪካ ውስጥ ናቸው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነው። ከሕመምተኞቹ ከመቶ 73ቱ፣ ከሟቾቹ ከመቶ 86ቱ። በመካከል ያለውን ልዩነት የፈጠረው የሐኪም ርቀት፣ የመድኃኒት ዋጋና የዘገየ ምርመራ ነው።

ዘግይቶ ለመታወቁ አንዱ ምክንያት የመማሪያ መጻሕፍቱ ሥዕል ነው። መጻሕፍቱ ነቁጡን ሐምራዊ፣ ወይን ጠጅ ይሉታል፤ በነጭ ቆዳ ላይ እንደዚያው ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ወደ ቡናማ ያደላል፤ በጣም በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ከዙሪያው ጠቆር ያለ እድፍ ብቻ መስሎ ያልፋል። ብዙውን ጊዜ አያምም፣ አያሳክክም። በጣት ሲጫኑት እንደ ተራ የቆዳ መቅላት ደብዝዞ አይጠፋም። መጀመሪያ ዝርግ ነው፤ ቆይቶ ይነሣና ይጠጥራል፣ ከጎኑ ሌላ ይወጣል። እግር፣ የውስጥ እግር፣ ባት፣ የአፍንጫ ጫፍ ይወዳል።

ኮልቾ ላይ እግር በቦረቅ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጨርቅና በውኃ ጠርጋ በቀን ብርሃን ካላየችው፣ አየሁ ማለት አትችልም። አፍንም ማስከፈት አለባት። ካፖሲ ላንቃ ላይ የመውጣት ልማድ አለው፤ ላንቃ ቦረቅ ስለማይቀባ ደግሞ አንዲት የእጅ ባትሪ ብቻ ትበቃለች።

ሌላም ነገር አለ። በካራዎች ደረት ላይ በረድፍ የተነሣው ጠባሳ፣ ወይም ቁስል ከዳነ በኋላ አብጦ የሚቀር ጠባሳ፣ ካንሰር አይደለም። ባለቤቱ መቼና በምን እንደመጣ ያውቀዋል። መጠየቅ ያለበት ያልተበጣ፣ ያልቆሰለ ቦታ ላይ ራሱን ችሎ የመጣው ነው።

ይባላል፦ «ካፖሲ የወጣበት ሰው ኤችአይቪ አለበት ማለት ነው።»

ይህን የሚሉት መንደርተኞች ብቻ ቢሆኑ ጥሩ ነበር። በነጭ ጋዋን ውስጥም ይሰማል።

ሞሪትስ ካፖሲ የሚባለው የቆዳ ሐኪም ቪየና ላይ አምስት ሕመምተኞችን መርምሮ በሽታውን የገለጸው በ1872 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ኤችአይቪ ወደ ሰው ገና አልተሻገረም ነበር። (ሰውየው ሲወለድ ሞሪትስ ኮን ነበር፤ ስሙን የቀየረው ሃንጋሪ ውስጥ ባለችው የትውልድ ከተማው በካፖሽቫር ስም ነው። ስሟ የበሽታ መጠሪያ እንዲሆን ግን ከተማዋ አልመረጠችም።) ኤድስ ከመታወቁ ሃያና ሠላሳ ዓመት በፊት ዩጋንዳና ኮንጎ ውስጥ ያሉ ሐኪሞች ይህንኑ ካንሰር ሆስፒታሎቻቸው ውስጥ በብዛት ያዩት ነበር፤ በሕፃናት ላይ ሳይቀር። ከኤችአይቪ ጋር ስሙ የተጣመረው በ1981 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር፣ ኒውዮርክና ካሊፎርኒያ ውስጥ 26 ወንዶች ላይ መታየቱ ሲዘገብ ነው። ዓለም ስለ ኤድስ የሰማው ያኔ ስለነበረ ሁለቱ በሰው አእምሮ ውስጥ ተጋብተው ቀሩ።

የበሽታው መነሻ የሆነው ቫይረስ የተገኘው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ያገኙት ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ናቸው። የሄርፒስ ቤተሰብ አባል ሲሆን ስምንተኛው የሰው ሄርፒስ ቫይረስ ተብሎ ይቆጠራል። ዘመዶቹን እናውቃቸዋለን፤ ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች፣ ሕፃናትን የሚይዘው ጉድፍ፣ ጉድፉ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የሚመጣበት አልማዝ ባለጭራ ሁሉም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በዘጠናዎቹ አልማዝ ባለጭራ የወጣበትን ሰው ሰፈሩ ምን ብሎ ያወራበት እንደነበር የሚያስታውስ አንባቢ፣ ካፖሲ የወጣበት ሰው ዛሬ ምን እንደሚባል ለመገመት አይቸገርም።

ቫይረሱን መያዝ ግን ካንሰር መያዝ አይደለም። ለዚህ ጥሩው ማስረጃ የተገኘው ከራሳችን ሰዎች ነው። ወደ እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገና በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ኤችአይቪ ከሌለባቸው ከመቶ 39 ያህሉ ቀደም ብለው ለዚህ ቫይረስ እንደተጋለጡ በደማቸው አሳይቷል። ይህን ያህል ተሸካሚ ባለበት ማኅበረሰብ ውስጥ ካንሰሩ እንደ አሸን ይፈላል ተብሎ ሊጠበቅ ይችላል። አልፈላም። ኤድስ በያዛቸው ኢትዮጵያውያን ላይ እንኳ ካፖሲ ከሌሎቹ የእስራኤል ሕመምተኞች ይልቅ በብዙ እጥፍ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህን ጥናት ከማንኛውም ማስፈራሪያ በላይ እወደዋለሁ።

ቫይረሱ የሚያይለው ሰውነት ሲዳከም ነው። ኤችአይቪ አንዱ አዳካሚ ነው፣ ያውም ዋነኛው። ዕድሜ ሌላው ነው። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው አዲሱ ኩላሊት እንዳይገፋ የሚወስደው መድኃኒትም የሰውነትን መከላከያ ስለሚያለዝብ ሦስተኛው ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ስለሚሠራ ይህም የእኛ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ ካፖሲ የተገኘበት ሰው ሁሉ የኤችአይቪ ምርመራ ያድርግ፤ የሚያስፈልገውን ሕክምና የሚወስነው ውጤቱ ነውና። ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ግን ማንም አይፍረድበት። ነፃ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ «ማሽኑ ተሳስቶ ነው» እያሉ አራት ጊዜ ደም መቅዳቱ ይቅር።

ይባላል፦ «ይተላለፋል፤ ዕቃውን ለዩለት።»

ጂንካ ስለ ተላላፊ በሽታ ከማንም በላይ የመፍራት መብት አላት። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የማርበርግ ቫይረስ በከተማዋ መከሰቱ ይፋ ሆኗል። ማርበርግ ደም የሚያፈስ፣ በሽተኛውን በመንካት የሚተላለፍ ገዳይ ነው። ከዚያ ወዲህ ደም የሚያዥ ቁስል ያለበት ሰው ሲመጣ ጎረቤት ፈቀቅ ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ካንሰሩ ራሱ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። አብሮ መብላት፣ አንድ ቁርበት ላይ መተኛት፣ ቁስሉን ማጠብ ካፖሲን አያጋባም። ቫይረሱ በዋነኛነት በምራቅ ይተላለፋል፤ ኢንፌክሽኑ በበዛባቸው የአፍሪካ አገሮች አብዛኛው ሰው የሚያገኘው በልጅነቱ፣ ከቤተሰብ ነው። በደቡብ ኦሞ ሽማግሌ ሲመርቅ የአሸር ቡና በአፉ ይዞ ይረጫል፤ በሌላውም አገራችን «እንትፍ፣ እንትፍ» ብሎ መመረቅ አለ። ይህን ሲሰማ ምርቃትን የሚከለክል የጤና ባለሙያ እንዳይነሣ እሰጋለሁ። ከላይ ያልኩት ጥናት መልሱ ነው፤ ቫይረሱን ብዙ ሰው ይዞት ይኖራል፣ የሚታመመው ጥቂቱ ነው። መጠበቅ ያለበት የሰውነት መከላከያ እንጂ የአያት አፍ አይደለም።

ይባላል፦ «እግሩ ያበጠው ዝሆኔ ስለሆነ ነው።»

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ካፖሲ ከሁሉም በላይ የሚደበቅበት ስም ይህ ነውና።

በአገራችን እግር የሚያሳብጡ ዝሆኔዎች ቢያንስ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት ከመሄድ የሚመጣው ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ይህ በጀርም የሚመጣ እንዳልሆነ አበክሮ ያሳየው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ አብዛኛውን ሥራ የሠራውም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ወላይታን በመሳሰሉ ከፍ ያሉና ዝናብ የሚበዛባቸው ቦታዎች የተለመደ ነው። ሁለተኛው በትንኝ የሚተላለፈውና በትል የሚመጣው ሲሆን ቆላ ይወዳል።

አሁን አንድ የኮልቾ ሰው እግሩ አብጦ ጂንካ መጣ እንበል። ዕድሜውን በሙሉ የኖረው ከኦሞ ዳር፣ ቆላ ላይ፣ ማሽላውን እያረሰና ፍየሉን እየጠበቀ ነው። የደጋ ቀይ አፈር ረግጦ አያውቅም። «ፖዶ ነው» ብሎ ጫማና ሳሙና ሰጥቶ መመለስ ቀላል ነው፤ ግን ከየት የመጣ ፖዶ? ስለዚህ ጥያቄ መጠየቅ ይጀመራል፣ በአስተርጓሚ።

«አባቴ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካለፈው የማሽላ አጨዳ።»

ጥሩ መልስ ነው። የዝሆኔ እግር በአንድ አጨዳ ዘመን እንደዚህ አይሆንም፤ ዓመታት ይፈልጋል። ፖዶኮኒዮሲስ ከጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ በመጀመሪያው ዘመን ያሳክካል፣ ያቃጥላል። የካፖሲ እብጠት ብዙ ጊዜ ባንድ እግር ይብሳል፤ ሲነኩት እንደ እንጨት የደረቀ ነው። ላዩ ላይ ወይም ጎኑ ላይ ጠቆር ያለ፣ ጠጠር ያለ ነገር ይዳሰሳል፤ ብሽሽት ውስጥም ንፍፊት ሊኖር ይችላል። እብጠቱ የሚመጣው ካንሰሩ የሊምፍ ቧንቧዎችን ስለሚዘጋ ነው። ሦስቱም በሽታዎች ፍሳሹን የሚያግዱት በዚያው መንገድ ላይ ስለሆነ መልካቸው መቀራረቡ አይገርምም።

አፈርና ካፖሲን ያገናኘም ሰው ነበር። ጆን ዚግለር የሚባለው አሜሪካዊ የካንሰር ሐኪም በ1993 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ፣ ካፖሲ የሚበዛባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች የእሳተ ገሞራ አፈር ካለባቸው ጋር እንደሚገጥሙ ጠቅሶ፣ በባዶ እግር በኩል ወደ ቆዳ የሚገባው ደቃቅ ማዕድን የእግርን መከላከያ ሳያዳክም አይቀርም የሚል ሐሳብ አቀረበ። በዓመቱ ቫይረሱ ተገኘ። የዚግለር ሐሳብ አልተረጋገጠም፣ ጨርሶም አልተጣለም፤ ቫይረሱ ባለበት ሁሉ ካንሰሩ እኩል ለምን እንደማይበዛ የሚያስረዳ ተጨማሪ ምክንያት እስካሁን ይፈለጋል። ጫማ ማድረግ ግን በየትኛውም ስሌት አይጎዳም።

ይባላል፦ «ምላጭ ከነካው ይዛመታል።»

ይህን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ዲግሪ የደራረቡ ሰዎች እናታቸውን ከባዮፕሲ አልጋ ላይ አስነሥተው ጠበል ሲወስዱ የሚያቀርቡት ምክንያት ይኸው ነው። ከየት መጣ? ቀድሞ ሰው ሆስፒታል የሚሄደው ከረፈደ በኋላ ስለነበር ተቀዶ ብዙም ሳይቆይ ይሞት ነበር፤ ጥፋቱም ቢላው ላይ ተለጠፈ። ካንሰሩ ግን ቢላው ሳይነካውም እዚያው ነበር።

ለካፖሲ የሚያስፈልገው ቢላም አይደለም። ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል፤ ወርዱ ሦስት ወይም አራት ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ መብሻ አንዲት ቁራጭ ትወጣለች፤ አንድ ወይም ሁለት ስፌት ይበቃል። ነቁጡ የደም ሥር ስለሆነ ትንሽ ሊደማ ይችላል፣ በፋሻ ተጭኖ ይቆማል። በምላጭ የሚበጣው፣ በእሳት የሚተኩሰው፣ ቅጠል የሚያስርበት ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ያደማል፣ ያመረቅዛል፤ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ደግሞ መልኩ ተቀይሮ በኋላ ለሚያየው ሐኪም ይበልጥ ያደናግራል።

ስለ ቁራጯ አንድ ነገር ልጨምር፤ ማንም ለሕመምተኛ ሲነግር አልሰማሁም። ሥጋዋ በመጠኗ አሥር እጥፍ በሚሆን ፎርማሊን ውስጥ ከገባች አትበላሽም። በጨው ውኃ ወይም በደረቅ ጓንት ተጠቅልላ ከሄደች ግን በመንገድ ትበላሻለች፣ ሰውየውም እንደገና መወጋት አለበት። ጂንካ ላይ በትክክል የተወሰደች ቁራጭ ክዳኗ ጠብቆ፣ ስሟ ተጽፎ፣ ያለ ባለቤቷ አርባ ምንጭ ወይም ሀዋሳ ልትደርስ ትችላለች። ሰውየው ኮልቾ ተመልሶ ይጠብቃል። ዓይን ብቻውን ይህን መወሰን አይችልም፤ ባርቶኔላ የሚባል ባክቴሪያ ቁርጥ ካፖሲ የሚመስል ቀይ እብጠት ያወጣል፣ እሱን ግን ተራ አንቲባዮቲክ ያድነዋል።

ይባላል፦ «ሕፃኑ ላይ የወጣው ቀይ እብጠት ካንሰር ነው።» ደግሞም ይባላል፦ «ማርያም ስማው ነው፤ ምንም አይሆንም።»

ሁለቱም ይባላሉ፣ ብዙ ጊዜ ባንድ ቤት ውስጥ። አያት ማርያም ስማው ነው ይላሉ፤ የአዲስ አበባ አጎት በስልክ ካንሰር ነው ይላል።

ከተወለደ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ብቅ ብሎ፣ ቀልቶ፣ በፍጥነት የሚያብጠው አብዛኛውን ጊዜ ሄማንጂዮማ ነው። የደም ሥር እጢ ነው፤ ካንሰር ግን አይደለም። ከመቶ ሕፃናት በአራት በአምስቱ ላይ ይታያል። ጥቂት ወራት ያድግና ቆሞ፣ በዓመታት ውስጥ ራሱ ይከስማል። እስከዚህ አያትየው ልክ ናቸው። ዓይን አጠገብ ከሆነ ግን ማየትን ይጋርዳል፤ ጉሮሮ አካባቢ ከሆነ መተንፈስ ይከለክላል፤ ከንፈርና መቀመጫ ላይ ከሆነ ይቆስላል። እንዲህ ሲሆን ሐኪም ማየት አለበት፤ መድኃኒትም አለው።

የመድኃኒቱ ታሪክ ያስደስታል። ፕሮፕራኖሎል ለልብና ለደም ግፊት የሚሰጥ አሮጌና ርካሽ ኪኒን ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ቦርዶ ከተማ ያሉ ሐኪሞች ልቡ ለታመመ ሕፃን ሲሰጡት ፊቱ ላይ የነበረው ሄማንጂዮማ እየከሰመ ሲሄድ አዩ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. አሳወቁት፣ የዓለም ሕክምናም ተከተላቸው። የጂንካ ፋርማሲም ሊኖረው የሚችል ኪኒን ነው። ከፋርማሲ ገዝቶ እየቆረጡ ማጉረስ ግን አይገባም፤ የሕፃኑን የደም ስኳር በድንገት ሊጥለው ስለሚችል መጠኑን ሐኪም መወሰን፣ ከጡት ጋር መሰጠትም አለበት።

ይባላል፦ «የፕላስቲክ ቱቦ ውኃ የጉበት ካንሰር ያመጣል።»

ይህኛው ከአንጂዮሳርኮማ ታሪክ ተቆርጦ የወጣ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሉዊቪል ውስጥ ፒቪሲ በሚያመርት ፋብሪካ የሠሩ ሰዎች ይህ ብርቅ ካንሰር ጉበታቸው ላይ ሲገኝ ጥፋተኛው ቪኒል ክሎራይድ የተባለው ጋዝ ሆነ። የተጎዱት የጋዙን ጋን ገብተው የሚያጸዱ ሠራተኞች ነበሩ እንጂ ቱቦውን የገዙ ሰዎች አይደሉም። ከአንጂዮሳርኮማ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላ ነው፤ በሸመገለ ሰው ራስ ቅል ወይም ግንባር ላይ ያልተመታ ቦታ በልዞ፣ ብልዘቱ ከመጥፋት ይልቅ በየሳምንቱ ከሰፋ፣ እንዲሁም በጡት ካንሰር ሕክምና ምክንያት ለዓመታት ባበጠ ክንድ ላይ ጠቆር ያለ ነቁጥ ከወጣ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ይባላል፦ «ከወጣ በኋላ አለቀለት።»

በ1980ዎቹ ዓ.ም. ይህን ያለ ሰው አልተሳሳተም ነበር። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ኤድስና ካፖሲ ተደርበው የያዙት ሰው ዕድሉ ጠባብ ነበር። ዛሬ ኤችአይቪ ያለበት ሰው ካፖሲው ቆዳው ላይ ብቻ ከሆነና ካልተስፋፋ፣ ብዙ ጊዜ የዕለት ኪኒኑን በሥርዓት መዋጡ ብቻ ነቁጡን በወራት ውስጥ ያደበዝዘዋል። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ባደረጉት ላይም መድኃኒታቸው ሲቀየር ነቁጡ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ካንሰሩ አፍ ውስጥ፣ ሳንባ፣ ሆድ ከገባ ወይም እግሩን ካሳበጠ ኬሞቴራፒ ይጨመራል።

የትኛው ኬሞቴራፒ እንደሚሻል የታወቀውም በአብዛኛው አፍሪካ ላይ ነው። በኬንያ፣ በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በዩጋንዳ፣ በዚምባብዌና በብራዚል የተካሄደ ጥናት በ2020 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ፓክሊታክሴል የተባለውን የወሰዱት ከመቶ 64ቱ ለ48 ሳምንት ያህል በሽታው ሳይብስባቸው ቆዩ። ለረጅም ዘመን የተለመደውን የብሊዮማይሲንና የቪንክሪስቲን ጥምር ከወሰዱት ግን 44ቱ ብቻ ናቸው።

መረሳት የሌለበት አንድ አደጋ አለ። ስቴሮይድ ያለበት መድኃኒት፣ ኪኒንም ሆነ መርፌ፣ ካፖሲን ያባብሳል። እኛ አገር ደግሞ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ለሳል፣ ለአለርጂ፣ ለእብጠት ሁሉ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ይወጣሉ። እግሩ ያበጠ ሰው ለእብጠቱ ብሎ ከነዚህ አንዱን ሲውጥ ለጥቂት ቀን ቀለል ይለውና ካንሰሩ ይፈነዳል። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም የመከላከል ኃይሉ ሲነቃ ነቁጦቹ ለጊዜው ሊያብጡ ይችላሉ። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው «ኪኒኑ ነው ያባሰብኝ» ብሎ ይጥለዋል። ሐኪሙ ጋ መመለስ እንጂ መጣል አይደለም መፍትሔው።

የጨረር ሕክምና ለሁለት አሥርተ ዓመታት ያህል በመላ አገሪቱ የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ አሁን እንደ ጅማና ሐረማያ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ማዕከል ከፍተዋል። ለኮልቾ ሰው ግን ከማሽኑ ይልቅ የሚያስጨንቀው ቀጠሮው ነው። በጥናቱ ላይ ፓክሊታክሴል የተሰጠው በየሦስት ሳምንቱ፣ ለስድስት ዙር ነበር። ስድስት ዙር ማለት ስድስት ጊዜ ሄዶ ስድስት ጊዜ መመለስ ነው፤ ከአስተርጓሚ ጋር፣ ከማደሪያ ብር ጋር፣ ፍየሎቹን የሚጠብቅ ዘመድ ተለምኖ። ከኮልቾ ወደ ቱርሚ በሚወስደው መንገድ ላይ በጋውን ደረቅ አሸዋ ሆነው የሚከርሙ ወንዞች ደግሞ ዝናብ ሲጥል መኪና ያቆማሉ። ቀጠሮ የሚይዘው ሰው ይህን ጠይቆ ቀኑን ካላስተካከለ፣ የኬሞቴራፒውን ቀን ከኤችአይቪ ኪኒኑ መቀበያ ቀን ጋር ካላገጣጠመ፣ ሁለትና ሦስት ወር የሚበቃ ኪኒንም አስቀድሞ ካልሰጠ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ሰውየው ይቀራል። ካርዱ ላይ የሚጻፈው «ሕክምና አቋርጧል» ነው፤ ወንዙ ሞልቶ እንደነበር የሚጻፍበት ቦታ ፎርሙ ላይ የለም።